ከበላ ልበልሃ እስከ ማመልከቻ

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ድርሰት አጻጻፍ የተማረ ተማሪ ለአባቱ የወሰን ክርክር አንድ ገጽ ማመልከቻ መጻፍ ካቃተው፣ ምኑን ተማረ ይባላል? ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ዳንግላ ላይ በእኔው ደርሷል። አባቴ ጉዳያቸውን በአገውኛ ነገሩኝ፤ እኔ ግን «ከሳሽ»ና «ተከሳሽ» ብዬ እዚያው ቀረሁ። በመጨረሻ ዣንጥላውን ዘርግቶ ከተቀመጠ ራፖር ጻፊ ዘንድ ሄድን። አባቴ በመንገድ ላይ «አንተ ታዲያ ምን ልትማር ነው የሄድከው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን ከታሪክ ልፈልግ።

ንግግር ማሳመር ለእኛ አገር እንግዳ ትምህርት አይደለም። በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በግጥምና በምሳሌ ይሟገት ነበር። ማር ወይም በቅሎ ያስይዛል። ዳኛው ብቻ ሳይሆን የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሰሚ ነው። ትምህርት ቤቱም ችሎቱ ነበር፤ ልጅ ከአባቱ ጎን ቆሞ እየሰማ ይለምደዋል።

በግሪኮችም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የንግግር ጥበብ በሲሲሊ ደሴት፣ በሰራኩስ ከተማ ተጀመረ ይባላል፤ አምባገነኖቹ ከወደቁ በኋላ ሰዎች የተነጠቀ መሬታቸውን ለማስመለስ ሲከራከሩ። እንግዲህ ሬቶሪክ የሚባለው ትምህርት ራሱ የመሬት ሙግት ልጅ ነው ማለት ነው!

በእኛ አገር ግን አፍ በወረቀት ተተካ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ክስ በጽሑፍና ባጭሩ ይቅረብ አለ። ሥርዓቱ መጥፎ ነው አልልም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው እንኳ እኩል ይነበባል። ዳሩ ግን አገውኛ ተናጋሪው ገበሬ ሁለት ድልድይ መሻገር ግድ ሆነበት፦ ከአገውኛ ወደ አማርኛ፣ ከአፍ ወደ ወረቀት። ሁለቱንም የሚያሻግረው ራፖር ጻፊው ነው።

ዩኒቨርሲቲውስ? በ1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኮሌጁ ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። አንቀጽ መክፈትና መዝጋት የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል፤ አገውኛም በአዊ ዞን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሁለቱ ግን ማመልከቻው ላይ ገና አልተገናኙም።

ያን ቀን ራፖር ጻፊው አባቴን የጠየቃቸው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ምን ሆነ? መቼ? ዳኛው ምን እንዲወስኑልዎት ይፈልጋሉ? አባቴ ከአያታቸው ምንጣሮ ሊጀምሩ ሲሉ «አባቴ፣ ይህን በቃል ክርክሩ ይነግሩታል» አላቸው። እኔ በሦስት ዓመት ያልገባኝን ሰሚን የማወቅ ትምህርት በሩብ ሰዓት አሳየኝ። ደግሞም የአያቴ ምንጣሮ ከወረቀቱ ሲወጣ አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ያንንም አየሁ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ሐሳቤ ቀላል ነው። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ሰምተን፣ መጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ማመልከቻ እንጻፈው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ምን እንደጎደለ እንይ። ያኔ አባቴ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ይኖረኝ ይሆናል።