ቀሚስ ለብሰው የጀመሩት አባባ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ቴሌቪዥን የገዛ ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር የሰፈሩ ልጅ ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት ይሰበሰባል፤ ቦታ ያጣ በመስኮት ያያል። ለእነዚህ ልጆች ተረት እንዲነግሩ በዚያው ዓመት ካሜራ ፊት የቀረቡት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ያኔ ገና የ41 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ።

በ1915 ዓ.ም. ባሌ የተወለዱት ተስፋዬ የመጡት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከቴአትር ቤት ነው። ትወና ሲጀምሩ ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ነበርና የሴቷን ቦታ የሚሸፍኑት ወንዶች ናቸው። እሳቸውም ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው ሴት ሆነው ተጫውተዋል። ኮሪያ ድረስ ሄደውም የቃኘው ሻለቃን ወታደሮች አዝናንተዋል። በኋላም ዛሬ ብሔራዊ የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተዋናይ ሆኑ።

የተረት ነጋሪው ሙያ የተገራው እዚያ ይመስለኛል። ሴትም ወንድም ሆኖ መናገር የለመደ ሰው ጅብና ጦጣን ማነጋገር አይከብደውም። ጅቡ ሲመጣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ጦጣዋ ስትመልስ ይቀጥናል፣ ዓይን ይፈጣል፣ ትከሻ ይሰበራል። ቢቢሲ በ1942 ዓ.ም. ለሕፃናት የጀመረው የሬዲዮ ዝግጅት ከጽሑፍ የሚነበብ ነበር፤ ጥሩ አንባቢ ይበቃዋል። የእኛ ልጅ ግን ተረትን የሚያውቀው ምድጃ ዳር ከአያቱ አፍ ነውና፣ መጽሐፍ ላይ ያቀረቀረ ሰው ብዙም ባልያዘው ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉ ልጁ ከሳሎን ሆኖ ጮክ ብሎ ሰላምታውን ይመልሳል። እንደማይሰሙት ቢነግሩት አይቀበልም! መጠሪያቸውም አባባ ተስፋዬ ሆኖ ቀረ።

ዘውዱ ወረደ፣ ደርግ መጣ፣ በ1977 ዓ.ም. ምስሉ ባለቀለም ሆነ፣ ደርግም ሄደ። እሳቸው ያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ዝግጅታቸው በ1998 ዓ.ም. ሲቋረጥ፣ መጀመሪያ በመስኮት ካዩአቸው ልጆች መካከል የልጅ ልጅ ያዩ ነበሩ። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ።