ሰጪን ምን ቸገረው?

ባለፈው መጋቢት አንድ ቅዳሜ ጠዋት መልካሳ ነበርኩ። ከአዳማ በአሰላ መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወላጆቼ ቤት ለመድረስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ እንቅልፍ እንኳን አይሞላም። በረንዳው ላይ ቶናው ሲቀዳ ጎረቤታችን አጥሩን ዞሮ መጣ። በእጁ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዟል። አምና ዐሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጁ ከኋላው አንገቷን ደፍታ ትከተለዋለች።

«መምህር፣ እስቲ ይቺን ነገር ይመልከቱልኝ» አለኝ። «ልጅቷ አሜሪካን አገር ነጻ ትምህርት አገኘሁ አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ደግሞ ቤቱን መሸጥ አለብን ሆነ። ለመሆኑ ነጻ ማለት ምን ማለት ነው?»

ወረቀቱን አነበብኩት። ኮሌጁ ውጤቷን አድንቆ በየዓመቱ 22,000 ዶላር የሚያወጣ «የብቃት ስኮላርሺፕ» ሰጥቷታል። በዐራት ዓመት 88,000 ዶላር መሆኑ ነው፤ ይቺ ቁጥር በደማቅ ቀለም ተጽፋለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደቀቅ ባለ ፊደል የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ፣ ምግብና መኝታ ተጨምሮ፣ 48,000 ዶላር እንደሆነ ይነገራል። የሥነ ጽሑፍ ሰው ሒሳብ ሲሠራ ማየት ደስ አይልም፤ ቢሆንም ቀንሼ አየሁት። 26,000 ይቀራል። ይህ ቀሪ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በባንክ ማስረጃ ካላሳየች ኮሌጁ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ አይሰጣትም። ያ ቅጽ ከሌለ ደግሞ ኤምባሲ ደጃፍ መሰለፍ ትርፉ ድካም ነው።

አባትየው ይህን ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ ግማሹን ከሰጡ ሙሉውን ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል? ሰጪን ምን ቸገረው?» አለኝ።

በአማርኛችን «ምን ቸገረው» ስንል ግድ የለውም ማለታችን ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ቃል በቃል ወሰድኩትና ሳሰላስለው ሰነበትኩ። እውነትስ፣ ሰጪው የቸገረው ነገር ምንድን ነው? ወደ ኋላ ሄጄ የነጻ ትምህርትን ታሪካችንን ሳየው፣ ችግር የሌለበት ሰጪ አላገኘሁም።

ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንጀምር። ገና ልጅ ሳለ ከአድዋ ጦርነት በኋላ ሊዮንቲየቭ የሚባለው ሩሲያዊ ይዞት ሄደ። ሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኝነት ትምህርት ተማረ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቼ የሚያውቁት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተሰኘውን ተውኔት የጻፈ ሰው አድርገው ነው፤ የታሪክ ሰዎች ደግሞ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በማርቀቁ ያነሱታል። እንግዲህ የሩሲያ ደግነት ብቻ ነው ያስተማረው? ሩሲያ በዚህ አካባቢ ወዳጅ ፈልጋለች፤ ምኒልክም መድፍ የሚያውቅ ሰው ፈልገዋል። በሁለት ፍላጎት መካከል አንድ የሸዋ ልጅ አለፈ። ከመድፍ ትምህርት ቤት ገብቶ ተውኔት ይዞ መውጣቱ የራሱ የልጁ ነገር ነው።

በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ዘመን ወጣቶች ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ቤሩት፣ ወደ ፈረንሳይ፣ አንዳንዶቹም ወደ አሜሪካ ተላኩ። ያኔ ሰጪው የራሳችን ቤተ መንግሥት ሲሆን የቸገረው ደግሞ ፈረንጅ አፍ የሚያውቅ ጸሐፊ፣ ሐኪምና መሐንዲስ ነው። ማመልከቻው ደጅ ጥናት ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የድጋፍ ደብዳቤ የሚሉትን ያኔ አማላጅ ይሉታል፤ ልዩነቱ ማኅተሙ ላይ ነው። ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ መላኩ በያን ኦሃዮ ተምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ከጨረሰ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጥቁር አሜሪካውያንን ድጋፍ ያሰባሰበ ሰው ሆነ። አገር ቤት ከነበሩት ምሁራን ብዙዎቹ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ አለቁ። ከነጻነት በኋላ ያ ሁሉ ወጣት እንደገና ወደ ውጭ የተላከው ያንን ጉድጓድ ለመሙላት ነው።

የእኔ መንደር በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በኦክላሆማ በኩል ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ በመልካሳው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ቦሎቄ ይመዝን ነበር። ጣቢያው በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ከጣቢያው ሰዎች አፍ «ኦክላሆማ»፣ «ኔብራስካ»፣ «ፐርዱ» የሚሉ ስሞች ይወርዱ ስለነበር እኔ እነዚህን ቦታዎች ከሶደሬ ማዶ ያሉ ወረዳዎች አድርጌ ነበር የማስባቸው። ኦክላሆማ ከየት መጣብን?

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ፕሬዚዳንት ትሩማን በበዓለ ሲመታቸው ንግግር አራተኛ ነጥብ አድርገው ለድሃ አገሮች የቴክኒክ እርዳታ እንሰጣለን አሉ። አገራችን ውስጥ «ፖይንት ፎር» ተብሎ የቀረው እሱ ነው። ፕሮግራሙን እንዲመሩ የተሾሙት የኦክላሆማ የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ነበሩ። ቤኔት ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለ እርሻ ኮሌጅ ተነጋገሩ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1951 ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ንግግሩ ግን አልሞተም። በማግስቱ ዓመት ስምምነት ተፈረመ፤ የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቀጥሎም የአለማያ ኮሌጅ መጣ። የኦክላሆማ መምህራን ወደዚህ መጡ፤ ጎበዝ ተማሪዎች ደግሞ ስቲልዋተር ወደምትባለው ከተማ ሄደው ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይዘው ተመለሱ። አሜሪካንን የቸገራት ነገር ግልጽ ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ነበር። የቃኘው ሰፈርም ነበር። ሆኖም የአለማያ ልጅ ስቲልዋተር ሲደርስ የትምህርት ክፍያው፣ ትኬቱና የኪስ ገንዘቡ ተከፍሎለታል፤ ያባቱን ቤት የሚሸጥ አልነበረም። የሰጪው ጭንቀት ሲበዛ የተማሪው ቀሪ ሒሳብ ያንሳል።

ይህን ስል ሁልጊዜ ተቀባይ ነበርን እንዳይመስል። በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች በዐራት ዓመት ውስጥ 200 የነጻ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ አዲስ አበባ ተምረው ከሄዱት አንዱ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱን የቸገራቸው አፍሪካ ውስጥ የመሪነት ቦታ ነው፤ እሱንም አገኙ። ይሁን እንጂ የመጡት ልጆች ከየአገራቸው የፀረ ቅኝ አገዛዝ ፖለቲካና ደፋር አንደበት ይዘው ነበርና፣ ጨዋ ተብሎ የሚታወቀው የአዲስ አበባ ተማሪ ከእነሱ መጠየቅን ተማረ። የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሁሉ ይህን አይዘሉትም። ስኮላርሺፕ ሰጪው ባላሰበው በኩል መውጣት ልማዱ ነው።

የደርግን ጊዜ ባሳጥረው ይሻላል። ሞስኮ፣ ኪየቭ፣ ምሥራቅ በርሊን፤ አባቶቻቸውን በጦርነት ላጡ ሕፃናት ደግሞ የኩባዋ የወጣቶች ደሴት። እኔ ማትሪክ በ1980 ዓ.ም. ተፈተንኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ሰሌዳ ላይ ስሜ ከሚሄዱት ጋር ተለጥፎ አየሁት። እናቴ ጠላ ጠመቀች። በሳምንቱ ሌላ ዝርዝር ተለጠፈ፤ በእኔ ቁጥር ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። የጠየቅኩት ሰው «ነጥብ ብቻ አይደለም እኮ የሚታየው» አለኝ። ጠላው ግን አልተደፋም፤ ጎረቤት ጠጣው።

እንግዲህ «ሰጪ ሁሉ ለራሱ ነው» ብዬ ልተወው ስል የሚያስቆመኝ አንድ ሰው አለ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ወሎንኮሚ አካባቢ ነው የተወለዱት። በልጅነታቸው እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ሄደው ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ አለማያ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ። በዚያው ዓመት ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን አክስቴልና የሥራ ጓደኛው የወሎ ማሽላ ዘሮች ላይ ላይሲን የሚባለው ጠቃሚ የፕሮቲን ንጥረ ነገር በብዛት መኖሩን አሳወቁ። ፐርዱን የቸገረው የእኛ ማሽላ ነበር ማለት ነው! ገቢሳ ከአክስቴል ጋር ተዋውቀው ወደ ፐርዱ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። ከዚያ ሱዳን ለድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ፣ ከዚያም ተመልሰው ፐርዱ ላይ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዘሮች አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። ከዘሮቹ ጎብዬና አብሽር የተባሉት ኢትዮጵያ ገብተዋል። የአገሪቱ የማሽላ ምርምር ማዕከል ደግሞ የት ነው? አባቴ ቦሎቄ ይመዝንበት የነበረው ግቢ ነው። ሰውየው ኑሯቸውን እዚያው አደረጉ፤ እህሉ ግን ተመልሷል። እኔ ይህን ዓይነቱን መመለስ ከአውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዞ ከመቀበል አላሳንሰውም።

ወደ ልጅቷ ወረቀት ልመለስ። የዛሬ የአሜሪካ ኮሌጅ የቸገረው ሌላ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ለራሳቸው ክፍለ ግዛት ነዋሪ ርካሽ ናቸው፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለመጣው ተማሪ ክፍያው ሁለት እጥፍም ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ጎበዙን ከሩቅ ለመሳብ ከዚሁ ከተቆለለው ዋጋ ላይ ቆርጠው «የብቃት ስኮላርሺፕ» ይሉታል። የግል ኮሌጆቹም እንዲሁ ናቸው፤ ዋጋውን ሰቅሎ ቅናሹን ማሳየት የመርካቶ ነጋዴ ከእነሱ የሚማረው ነገር አይደለም። ደብዳቤው የሚያደምቀው የተቀነሰውን ነው፤ አንባቢ የሚፈልገው ግን የቀረውን ነው። ያውም ውጤቷ ከተወሰነ ነጥብ በታች ከወረደ የተሰጠውም ሊወሰድ ይችላል።

ሙሉውን የሚሰጡም አሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አይቆጥሩም፤ ከተቀበሉትም ጉድለቱን ይሸፍናሉ። በሩ ግን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠባብ ነው። ኬንታኪ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1855 የተቋቋመ ቤርያ የሚባል ኮሌጅ አለ። ጥቁርና ነጭን አብሮ ሊያስተምር የተመሠረተ፣ ለመማር አቅም የሌለውን የሚፈልግ ኮሌጅ ነው። ከተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፤ ተማሪው ሁሉ ግን በሳምንት ቢያንስ ዐሥር ሰዓት ይሠራል። ይህን ኮሌጅ መልካሳ ውስጥ ማን ሰምቶታል? የሰማነው ሁላችንም የምናውቃቸውን ስሞች ነው። ስማቸው የማይታወቀው፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ያሉት፣ ከሩቅ የመጣ ጎበዝ ልጅ በእውነት የሚቸግራቸው ኮሌጆች ዘንድ ግን ማንም ደጅ አይጠናም።

ለልጅቷ ይህንን ሁሉ ስነግራት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «ጋሼ፣ ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን እንደቸገራቸው በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

«ጠይቂያቸዋ!» አልኳት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጻፍን። የአባቷን የወር ደመወዝ በዶላር፣ ቤተሰቡ በዓመት ሊከፍል የሚችለውን ቁርጥ ያለ ቁጥር፣ ከዚያ በላይ ግን አለመቻሉን ገለጸች። የኮሌጁ የእርሻ ክፍል ማሽላ ላይ እንደሚሠራ ከድረ ገጹ አግኝታ ነበርና፣ የምርምር ጣቢያ አጥር ሥር ያደገች ልጅ መሆኗን ጨመረች። ያንን ዐረፍተ ነገር እኔ አልነገርኳትም። ለሌሎች አምስት ኮሌጆችም የሚመጣው ዓመት ማመልከቻ እንዲላክ ወሰንን፤ የማመልከቻ ክፍያውን እንዲተውላት ለእያንዳንዳቸው መጻፍ ነበረባት። አባትየው ቤት ሊገዛ የመጣውን ደላላ እስከ ፋሲካ ታገሠኝ ብሎታል።

መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ኮሌጁ 9,000 ዶላር ጨምሯል። 17,000 ይቀራል። አሁንም ቤቱን ያሸጣል፤ ቤቱ ተሸጦም አይሞላም። ልጅቷ በጨዋ እንግሊዝኛ አመስግና ቦታውን እንደማትወስድ ጻፈችላቸው፤ ደብዳቤውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ እንጂ የሷ አልተንቀጠቀጠም። ደላላውም ሄደ።

አሁን አዳማ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ሒሳብ ትይዛለች። ማታ ማታ አምስቱን ማመልከቻ ትሞላለች። ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ አገኘኋት፤ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። በግራ በኩል የኮሌጆቹ ስም፣ በቀኝ በኩል ደግሞ «የቸገራቸው» የሚል ርእስ አለው። ሦስቱ ተሞልተዋል፤ ሁለቱ ገና ባዶ ናቸው።