ጣናን ከመጤ አሳ ማን ይጠብቀው? ከቪክቶሪያ ሐይቅ የምንማረው

ስለ ጣና ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣብን እምቦጭ ነው። አረሙ ቢያንስ ከላይ ይታያል፤ ሰው ወጥቶ በእጁም በማሽንም ይነቅለዋል። ዛሬ የምናነሳው ግን ከውሃው ሥር ስለሚገባና አንዴ ከገባ ስለማይወጣ ነገር ነው፤ ስለ መጤ ወራሪ አሳ።

መጤ ወራሪ የሚባለው የሐይቁ ተወላጅ ያልሆነ፣ በሰው ምክንያት ገብቶ ነባሩን አሳ የሚያጠፋ ወይም የሚያፈናቅል ነው። የግድ ከውጭ አገር መምጣት የለበትም፤ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው መዛወሩ ይበቃል።

ትልቁ ትምህርት ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ዩጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ የሚጋሩት ይህ ሐይቅ ሌላ ቦታ የማይገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የትንንሽ አሳ ዝርያዎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ምርት ይጨምራል ተብሎ ናይል ፐርች የተባለው አዳኝ አሳ ተለቀቀበት። ለዓመታት ብዙም ሳይታይ ቆይቶ በ1980ዎቹ በአንዴ ተባዛ። ወደ 200 የሚጠጉ ነባር ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል፤ የውሃው መበከልም አግዞታል። እውነቱን ለመናገር ገንዘብም አምጥቷል፤ ሥጋው አውሮፓ ሱፐርማርኬት ድረስ ይሸጣል። ግን ትንንሾቹ አሳዎች በፀሐይ ይደርቁ ነበር። ናይል ፐርች ስብ ስለሚበዛበት በጭስ ነው የሚደርቀው፤ ለዚያ ደግሞ ዛፍ ተቆረጠ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ናይል ፐርች በጫሞና በአባያ በተፈጥሮ ይኖራል፤ እዚያ ቤቱ ነው። ጣና ውስጥ ግን የለም። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን አሳ አግዶ ሐይቁን ለብቻው አኑሮታል። በዚህም ምክንያት ሳይንቲስቶች ላቢኦባርበስ የሚሏቸው፣ እኛ ነጭ አሳ የምንላቸው ወደ 15 የሚደርሱ ዝርያዎች እዚያው ተፈጥረዋል። ከነዚህ 8ቱ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ አሳ አድነው የሚበሉ ናቸው። እነዚህ ከጠፉ ከየትም አይተኩም።

ፏፏቴው አሳውን ከታች ያግዳል፤ በባልዲና በመኪና የሚመጣውን ግን አያግድም። ዝዋይን ተመልከቱ፤ ካርፕ ተወላጁ አይደለም፣ ዛሬ ግን ከአስጋሪው መረብ አይጠፋም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አገር ቤት ገብታችሁ አሳ እርባታ ለመክፈት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ከመሬቱና ከብድሩ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የአሳው ጫጩት ከየት ነው የሚመጣው? ጣና አካባቢ ከሆነ ከዚያው ከጣና ዘር ይሁን። ኩሬው ጎርፍ ከሚደርስበት ቦታ ይራቅ፤ ኩሬ ሲሞላ አሳው ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ሐይቅ ይገባል።

ባላችሁበት አገርም ያው ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የበርንስቪል ከተማ በ2021 ነዋሪዎቹን ጎልድፊሻችሁን ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ ብላ ለምና ነበር፤ የተለቀቁት እጅግ አድገው ተገኝተዋልና። ልጆቻችሁ አሳው ከሰለቻቸው ለገዛችሁበት ሱቅ መልሱ ወይም ለሚፈልግ ስጡ።

እምቦጭ ላይ ዘግይተን ነው የጮህነው። በዚህኛው እንኳን እንቅደም።