የባራራ ጥያቄና የፉሪ ማሳዎች

በፉሪ ተዳፋት የሚያርስ ገበሬ ማረሻው ድንጋይ ሲነካበት በሬዎቹን ያቆማል፤ ድንጋዩን ፈንቅሎ ከማሳው ዳር ካለው ክምር ላይ ይጥለውና ትልሙን ይቀጥላል። ያ ክምር የአባቶቹ የማሳ ጽዳት ውጤት ሊሆን ይችላል፤ የፈረሰ ቤት መሠረት ወይም የከብት በረት ቅሪት ሊሆንም ይችላል። የሸዋን መካከለኛ ዘመን የምናጠና ሰዎች ግን እንዲህ ያለውን ክምር እያለፍን የቤተ መንግሥት ፍራሽ ስንፈልግ ኖረናል። ጥያቄያችን ሁሉ «ባራራ የት ነበረች?» የሚል ሆነ፤ መሬቱ ምን ይበቅልበት፣ ማንስ ይኖርበት እንደነበር መጠየቅ ግን ተዘነጋ። (በመጨረሻ ከሚጠቀሰው አዋጅ በቀር ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምንጮቹን ጎን ለጎን እንያቸው። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሠራው የዓለም ካርታ ባራራ የኢትዮጵያ ንጉሥ ዋና መቀመጫ ሆና ትታያለች። አሌሳንድሮ ዞርዚም ከ1519 እስከ 1524 ድረስ ቬኒስ ተቀምጦ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት አንደበት በመዘገባቸው የጉዞ መስመሮች ታላቅ ከተማነቷ ተነግሯል። በዚያው ዘመን ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን በመላው ግዛት ከ1,600 አባወራ የሚበልጥ ከተማ እንደሌለ፣ በግንብ የታጠረ ከተማም እንደማይገኝ ጽፏል። አንዱን ሐሰተኛ፣ ሌላውን እውነተኛ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አያስፈልግም እንላለን። መነኮሳቱ ከተማ ሲሉ ንጉሡ የሚከርምበትን፣ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ያለበትን ሥፍራ ማለታቸው ሊሆን ይችላል። አልቫሬዝ ደግሞ ያየው ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚዘዋወረውን የድንኳን ከተማ ነው፤ መለኪያውም በአገሩ የለመደው የድንጋይ ቅጥር ነበር።

መሬት ላይ ያለው ማስረጃም ክርክሩን አልቋጨውም። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ የቆየ ፍራሽ እንደተገኘና የዐፄ ዳዊት ከተማ ነው እንደተባለ ይታወቃል። ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት በ2009 ባሳተሙት ጥናት የመካከለኛውን ዘመን የሰፈራ ቅሪት ፉሪም በሚገኝበት በወጨጫ ሰንሰለትና በየረር ተራራ መካከል ሲፈልጉ፣ ማርኮ ቪጋኖ በበኩሉ በእንጦጦ የሚታየውን የግንብ ፍራሽ ከባራራ ጋር አያይዞታል። ይህ ግንብ በእርግጥ ከ1520 በፊት የነበረ ከሆነ፣ ከአልቫሬዝ ቃል ጋር በቀጥታ ይጋጫል፤ ስለዚህ ስም ከመስጠት በፊት ዕድሜውን በቁፋሮ ማረጋገጥ ይቀድማል።

እኛን ይበልጥ የሚስበን ሌላ ዓይነት ምስክር ነው። በወጨጫ ተዳፋት ያለውን የመናገሻ ሱባን ጥድ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ትውፊቱ ይናገራል። ጥድ ራሱን የሚዘራ ዛፍ ስለሆነ የተተከለውን ከበቀለው በዓይን መለየት አይቻልም። ትውፊቱን እንዳለ ብንቀበለው ግን ብዙም ያልተስተዋለ ነገር ይከተላል፤ ደን የሚተከለው በተራቆተ መሬት ነውና፣ የወጨጫ ተዳፋት ከዚያ በፊት ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ በቂ ሕዝብ ያስፈልጋል። ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ የየካው ዋሻ ሚካኤልና ከአዋሽ ማዶ ያለችው አዳዲ ማርያምም፣ ወደዚሁ ያመለክታሉ። ትውፊት አንዱን ለአብርሃና አጽብሐ፣ ሌላዋን ለላሊበላ ይሰጣል፤ ዘመናቸው ያከራክራል። አለት የሚፈለፍል ሰው ግን ለረጅም ጊዜ መቀለብ ነበረበት፤ ቀለቡም ከቅርብ ማሳ ሳይመጣ አልቀረም። የስም ምስክርም አለ። ዐፄ ልብነ ድንግል በመጋቢት 1529 በኢማም አሕመድ የተሸነፉበት ሽምብራ ቁሬ በስሙ ሽምብራንና ኩሬን አጣምሯል፤ ክረምት የያዘውን እርጥበት ይዞ በሚቆይ ዋልካ ላይ ሽምብራ ዛሬም ይዘራል።

ዐረብ ፈቂህ የኢማም አሕመድን ዘመቻ ሲተርክ ስለተቃጠሉ ከተሞች ይናገራል። ይሁን እንጂ ቁፋሮ የሚያወጣው የከሰል ንጣፍ ሁሉ የጦርነት አይደለም፤ የመካከለኛው ሸዋ ገበሬ ገብስ ሊዘራ አፈር ከምሮ የማቃጠል የቆየ ልማድ አለው። ከኢማሙ ዘመቻ በኋላ የመጣው የኦሮሞ ሰፈራም ለመሬቱ ዛሬ የምንጠራበትን ስም ሰጠው፤ ፉሪ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው። ባሕርይ ስለ ኦሮሞ በ1593 የጻፈው ድርሰት ስለ ጦርነቱ እንጂ ስለ ማሳው እምብዛም አይነግረንም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመቻ ጋር የሄደው እንግሊዛዊው ኮርንዋሊስ ሃሪስ ግን በፊንፊኔ ሸለቆ ሰብል የሞላበት አገር አይቷል፤ መንደሮቹ ሲቃጠሉም ተመልክቷል። ስለዚህ የዚህን አገር ታሪክ ከከተሞቹ ቃጠሎ በቀጥታ ወደ ምኒልክ ማሻገር በመካከሉ ያረሱትን ሰዎች መሰረዝ ነው።

የዞርዚን መስመሮች አሰናድቶ ለኅትመት ያበቃው ኦ. ጂ. ኤስ. ክራውፎርድ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1958 ነበር። ይኸው ሰው በአገሩ በእንግሊዝ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ የጥንት ማሳ ድንበር እንደሚነበብ ካሳዩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ነው። እዚያ ዛሬ የከተማ ሕንፃ ከመነሣቱ በፊት ከሥሩ ያለው የእርሻ ጠባሳና የቆሻሻ ጉድጓድ እየተመረመረ የመንደሩ የምግብና የመሬት ታሪክ ይጻፋል። የክራውፎርድን መጽሐፍ ወርሰን ዘዴውን መተዋችን ያሳዝነናል።

በሬ የሚጎትተው ማረሻ የላዩን አፈር ይጭራል እንጂ አይገለብጥም፤ ከሥሩ ያለው ንጣፍ በብዛት ይተርፋል። ኤክስካቫተር ግን አንድ መሠረት ሲቆፍር በግማሽ ቀን ሁሉንም ያነሣዋል። ፉሪ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ነው፤ ማሳው በቤት እየተተካ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ በፉሪ መሠረት የምታስቆፍሩ ሁሉ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የከሰል ንጣፍ ወይም የተደረደረ ድንጋይ ብታዩ ቁፋሮውን አቁሙ፤ ፎቶ አንሡ፤ ጥልቀቱን ለኩ፤ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ።