የሂፒዎቹ ዘመን የሮክ ዘፈኖች፦ ከሳን ፍራንሲስኮ ጎዳና እስከ ከብት አርቢው ማሳ

በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ፣ ባለ ብዙ ቀለም ልብስ የለበሱ፣ ጦርነትን የሚያወግዙና ከወላጆቻቸው የኑሮ ሥርዓት የሸሹ ወጣቶች በብዛት ታዩ። ዓለም «ሂፒ» ብሎ የጠራቸው እነዚህ ወጣቶች መንግሥት አልገለበጡም፤ ሥልጣንም አልያዙም። ከሁሉ በላይ ለተከታዩ ትውልድ ያቆዩት ዘፈኖቻቸውን ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ዘፈኖቹ በየሬዲዮ ጣቢያው ይሰማሉ፤ የዘመኑ ሙዚቃ ወዳጆችም የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም ይከራከራሉ። ይህ ጽሑፍ ከተወዳጆቹ ጥቂቶቹን፣ የተወለዱበትን ምክንያትና የተከፈለባቸውን ዋጋ ያስቃኛል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑና ወጣቱ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የተወለደው የአሜሪካ ትውልድ በቁጥር እጅግ ብዙ ነበር። ለአካለ መጠን ሲደርስ ሁለት ታላላቅ ጉዳዮች ከፊቱ ተደቀኑ። አንደኛው የጥቁር አሜሪካውያን የእኩልነት ትግል ሲሆን ሁለተኛው የቬትናም ጦርነት ነው። በጊዜው የውትድርና ግዳጅ ስለነበር ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ወንድ ሁሉ ለምልመላ ይመዘገብ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ግዳጁ ለጊዜው ይዘገይለታል፤ ለትምህርት አቅም ያጣው የድኻ ልጅ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም። ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያንና ከሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱ ቬትናማውያን አልቀዋል።

ሙዚቃውም በዚሁ ጊዜ እየተለወጠ ነበር። የሮክ ሙዚቃ ሥሩ በደቡባዊ አሜሪካ ጥጥ እርሻዎች ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች የሚያንጎራጉሩት ብሉዝ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ሲጨመርበት ድምፁ ገነነ። ቀድሞ አንድ ዘፈን በትንሿ ሸክላ ላይ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይዘልም ነበር። በአንድ ገጹ 20 ደቂቃ ያህል የሚይዘው ትልቁ ሸክላ ሲስፋፋ ሙዚቀኞች ዜማቸውን እንደ ልባቸው የማርዘም ነፃነት አገኙ። የሂፒዎቹ ዘመን ዘፈኖች ረጃጅም የጊታር ጨዋታ የሚበዛባቸውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የጎዳናው ግጭት የወለደው ዘፈን

በኅዳር 1966 በሎስ አንጀለስ ከተማ ሰንሴት በተባለው ጎዳና ወጣቶችና ፖሊሶች ተጋጩ። መነሻው ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በጎዳናው እንዳይገኙ የሚከለክለው የሰዓት እላፊ ነበር። የ«ቡፋሎ ስፕሪንግፊልድ» ባንድ አባል ስቲቨን ስቲልስ ግጭቱን ተመልክቶ «ፎር ዋት ኢትስ ዎርዝ» የተሰኘውን ዘፈን ደረሰ። ዘፈኑ ማንንም በስም አይከስስም፤ በለሆሳስ ጊታር ታጅቦ በዙሪያው የሚሆነውን ይታዘባል። ብዙ አድማጮች ስለ ቬትናም የተዘፈነ ይመስላቸዋል። ለአንድ ጎዳና ግጭት የተጻፈው ዘፈን በኋላ የመላ አገሪቱ የተቃውሞ ሰልፎች ማጀቢያ መሆኑ ለዚህ ግምት ምክንያት ሆኗል።

ሳን ፍራንሲስኮ፣ በጋ 1967

የእንቅስቃሴው መናኸሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሁለት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ቦታ የሚገኘው ሄይት አሽበሪ የተባለው ሰፈር ነው። በሰፈሩ ያረጁ ትልልቅ የእንጨት ቤቶች በርካሽ ይከራዩ ስለነበር ወጣቶችና ሙዚቀኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰባስበው ይኖሩ ነበር። በጥር 1967 በከተማዋ ጎልደን ጌት መናፈሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች የተገኙበት ስብሰባ ተደረገ። ወሬው ተሰራጭቶም በዚያው ዓመት የበጋ ወራት እስከ 100 ሺህ የሚገመት ወጣት ወደ ሰፈሩ ጎረፈ። ወቅቱ «የፍቅር በጋ» የሚል ስም ተሰጠው።

ለዚህ ጉዞ ጥሪ ያቀረበው «ሳን ፍራንሲስኮ» የተሰኘው ዘፈን ነው። ዘፈኑን የጻፈው የ«ማማስ ኤንድ ፓፓስ» ባንድ መሪ ጆን ፊሊፕስ ሲሆን የዘፈነው ጓደኛው ስኮት ማኬንዚ ነው። ዓላማው በሰኔ ወር በሞንተሬይ ከተማ የሚካሄደውን የሙዚቃ ድግስ ማስተዋወቅ ነበር። ወደ ከተማዋ የሚመጡ ሰዎች በጸጉራቸው አበባ እንዲሰኩ የሚመክረው ይህ ለስላሳ ዜማ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በሰፈሩ ለነበሩት ቀደምት ነዋሪዎች ግን ዘፈኑ በረከትም መርገምም ነበር፤ ማደሪያና ምግብ ሊበቃው የማይችለውን ሕዝብ ጠርቷልና።

በዚያው ዓመት የካቲት የሳን ፍራንሲስኮው «ጄፈርሰን ኤርፕሌን» ባንድ ሁለት ታዋቂ ዘፈኖችን የያዘ አልበም አወጣ። አንደኛው ግሬስ ስሊክ ራሷ ጽፋ የዘፈነችው «ዋይት ራቢት» ነው። ምስሎቹ ሉዊስ ካሮል ከጻፈው የልጆች ተረት የተወሰዱ ናቸው። ዜማው እንደ ወታደር ሰልፍ በዝግታ ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ እየጋለ ሄዶ ጫፍ ሲደርስ ድንገት ይቋረጣል። ዘፈኑ ስለ አደንዛዥ ዕፅ በምሳሌ የሚናገር ቢሆንም ብዙ የሬዲዮ ጣቢያዎች አስተላልፈውታል።

ከውቅያኖስ ማዶም ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ሰኔ 25 ቀን 1967 «ኦል ዩ ኒድ ኢዝ ላቭ» የተሰኘውን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማ። መድረኩ የ14 አገሮች ዝግጅቶች በሳተላይት በቀጥታ የተላለፉበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበር። ተመልካቹም በመቶ ሚሊዮኖች ይገመታል። መልእክቱ በየትኛውም አገር ያለ ሰው በቀላሉ እንዲረዳው ታስቦ በጥቂት ቃላት የተጻፈ ነው።

የጃኒስ ጆፕሊን ድምፅና የመቃብሩ ድንጋይ

ከቴክሳስ የመጣችው ጃኒስ ጆፕሊን በሞንተሬይ መድረክ ስትዘፍን የሰማት ሁሉ ተደነቀ። ድምፅዋ ሻካራ፣ ስሜቷም ያልተገደበ ነበር። በ1968 የወጣው «ፒስ ኦፍ ማይ ሃርት» እስከ ዛሬ ከዘመኑ ተወዳጅ ዘፈኖች መካከል ይቆጠራል። ዘፈኑን ከአንድ ዓመት በፊት በሸክላ ያስቀረጸችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ኤርማ ፍራንክሊን ነበረች። በዘመኑ ነጭ የሮክ ሙዚቀኞች የጥቁሮችን ሥራ ተጫውተው የላቀ ዝናና ገንዘብ ማግኘታቸው የተለመደ ነበር።

ጆፕሊን ባለውለታዎቿን አልዘነጋችም። ድምፅዋን የቀረጸችላት የብሉዝ ንግሥት ቤሲ ስሚዝ በ1937 ሞታ ከተቀበረች በኋላ መቃብሯ ለ33 ዓመታት የስም ድንጋይ አልነበረውም። ጆፕሊን በነሐሴ 1970 ለድንጋዩ ማሠሪያ ገንዘብ ካዋጡት አንዷ ሆነች። ከሁለት ወር በኋላ ግን እሷ ራሷ በ27 ዓመቷ ከመጠን ባለፈ ሄሮይን ሕይወቷ አለፈ።

ወደ ገጠር የሚጠራው ዋሽንት

የሂፒዎቹ አንዱ ምኞት ከተማን ትቶ በገጠር መኖር ነበር። ይህን ምኞት በዜማ የገለጠው በ1968 የወጣው የ«ካንድ ሂት» ባንድ «ጎይንግ አፕ ዘ ካንትሪ» ነው። ዘፈኑን ከሌሎች የሚለየው የዋሽንት መግቢያው ነው። ዜማው የተወሰደው ሄንሪ ቶማስ የተባለ የቴክሳስ ጥቁር አዝማሪ በ1928 ካስቀረጸው ዘፈን ሲሆን፣ ቶማስ ጊታር እየመታ በአፉ የሚነፋው ከሸምበቆ የተሠራ መሣሪያ ነበር። ባንዱም የሸምበቆውን ዜማ በዘመናዊ ዋሽንት ተካው። በርካታ ወጣቶች እንደ ዘፈኑ ምክር ወደ ገጠር ሄደው የጋራ እርሻ ጀምረዋል። ይሁንና እርሻ ዕውቀት፣ ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃልና ከተወሰኑት በቀር አብዛኞቹ ማኅበራት ጥቂት ዓመታት ሳይዘልቁ ፈርሰዋል።

ማሳውን የሰጠው ገበሬ

የዘመኑ ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ዉድስቶክ የተካሄደው በስታዲየም ሳይሆን በከብት መኖ ማሳ ላይ ነው። አዘጋጆቹ በመጀመሪያ የመረጡት ቦታ በከተማው አስተዳደር የተከለከለው ድግሱ አንድ ወር ሲቀረው ነበር። በዚህ ጊዜ በኒው ዮርክ ግዛት ቤተል በተባለ ቦታ ከ600 በላይ ላሞች የነበሯቸው የወተት አምራቹ ማክስ ያስገር መሬታቸውን አከራዩ። በዚያ ዓመት ዝናቡ በዝቶ የድርቆሽ ምርታቸው ስለቀነሰ ለመኖ መግዣ ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር።

ያስገር ሂፒ አልነበሩም። በአመለካከታቸው ወግ አጥባቂ ሲሆኑ የቬትናምን ጦርነትም ይደግፉ ነበር። ይሁን እንጂ ጎረቤቶቻቸው ወተታቸው እንዳይገዛ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ ሲለጥፉ፣ ወጣቶቹ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት አላቸው ብለው በአቋማቸው ጸኑ። አንዳንዶች ለእንግዶቹ ውኃ እንደሚሸጡ በሰሙ ጊዜም ተቆጥተው በነፃ እንዳደሉ ይነገራል።

ነሐሴ 15 ቀን 1969 ድግሱ ሲከፈት ከተጠበቀው እጅግ የሚልቅ ሕዝብ መጣ። አጥሩ ተጥሶ ድግሱ በነፃ ሆነ፤ ታዳሚው ከ400 ሺህ በላይ እንደነበር ይገመታል። መንገዱ በመኪና በመዘጋቱ ሙዚቀኞች በሄሊኮፕተር ተጓጓዙ። ሌሎች ባለመድረሳቸው ድግሱን የከፈተው ሪቺ ሄቨንስ ያሉትን ዘፈኖች ሁሉ ተጫውቶ ሲጨርስ፣ ከባርነት ዘመን የወረደ የጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙርን መነሻ አድርጎ «ፍሪደም» የተባለውን ዘፈን እዚያው መድረክ ላይ ፈጠረ። ዶፍ ዝናብ ማሳውን ጭቃ አደረገው፤ ምግብ አለቀ፤ የአካባቢው ነዋሪዎች ምግብ እያዘጋጁ ላኩ። ተኝቶ የነበረ አንድ ወጣት ትራክተር ሄዶበት ሲሞት ሌላው በአደንዛዥ ዕፅ ሞተ። ያን ያህል ሕዝብ ለሦስት ቀናት ተጨናንቆ ሲከርም የጎላ ጠብ አለመነሣቱ ግን ብዙዎችን አስገርሟል።

ለያስገር ጣጣው ከድግሱ በኋላም ቀጠለ። ለተበላሸው ማሳቸው 50 ሺህ ዶላር ካሣ ቢያገኙም ንብረታችን ተጎዳ ያሉ ጎረቤቶች ከሰሷቸው። በቀጣዩ ዓመት መሬታቸውን ለተመሳሳይ ድግስ እንዲያከራዩ ሲጠየቁ አልተስማሙም፤ እርሻቸውንም በ1971 ሸጡ። በ1973 በ53 ዓመታቸው ሲሞቱ ታዋቂው የሙዚቃ መጽሔት «ሮሊንግ ስቶን» ዜና ዕረፍታቸውን በሙሉ ገጽ አውጥቷል። ይህ ሙዚቀኛ ላልሆነ ሰው ብዙ ጊዜ የማይደረግ ክብር ነበር።

ጦርነቱን ያሰሙ ሁለት ሥራዎች

በዉድስቶክ የመጨረሻው ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ ነበር። ሰኞ ማለዳ አብዛኛው ታዳሚ ከሄደ በኋላ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ያለ ግጥም በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫወተ። በዜማው መሐል የቦምብ ፍንዳታና የጥይት ጩኸት የሚመስሉ ድምፆችን አስገባ። አንዳንዱ ሰንደቅ ዓላማን መዳፈር ነው ሲለው ሌላው የአገር ሐዘን መግለጫ አድርጎ ተቀበለው። ሄንድሪክስ ራሱ ቀደም ሲል በአሜሪካ አየር ወለድ ጦር ያገለገለ ሰው ነበር።

ሁለተኛው ሥራ በ1969 የወጣው የ«ክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል» ባንድ «ፎርቹኔት ሰን» ነው። ደራሲው ጆን ፎገርቲ በተጠባባቂ ጦር ያገለገለ ሲሆን፣ ዘፈኑ የሚቆጣው የባለሥልጣንና የባለጸጋ ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው የሠራተኛው ልጆች መዝመታቸውን ነው። ከሦስት ደቂቃ የሚያንሰው ይህ ዘፈን ስለ ቬትናም ጦርነት በተሠሩ ፊልሞች ደጋግሞ ይሰማል።

የዘመኑ ማብቂያ

የሂፒዎቹ ሕልም ቶሎ ደበዘዘ። ሄይት አሽበሪ በሰው ብዛት ተጨንቆ፣ በሽታና አደንዛዥ ዕፅ ተስፋፍቶበት፣ ነዋሪዎቹ ገና በጥቅምት 1967 የእንቅስቃሴውን «ቀብር» በምሳሌያዊ ሰልፍ ፈጸሙ። በታኅሣሥ 1969 በካሊፎርኒያ አልታሞንት በተካሄደ ድግስ ጥበቃው ለሞተር ብስክሌተኞች ቡድን ተሰጥቶ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ አንድ ወጣት በስለት ተወግቶ ሞተ። በመስከረምና በጥቅምት 1970 የካንድ ሂት ድምፃዊ አለን ዊልሰን፣ ሄንድሪክስና ጆፕሊን ተከታትለው አረፉ። ሦስቱም የ27 ዓመት ወጣቶች ነበሩ፤ የሦስቱም ሞት ከመድኃኒት ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚያው ጊዜ በኢትዮጵያ

በእነዚያው ዓመታት የአዲስ አበባና የአስመራ ወጣቶችም የአሜሪካን ሙዚቃ ይሰሙ ነበር። በአስመራ የነበረው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ቃኘው የራሱ የሬዲዮ ሥርጭት ነበረው። አምሃ እሸቴ በ1969 በስሙ የሸክላ ማሳተሚያ ሲያቋቁም የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው ዓለማየሁ እሸቴን ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ ዘፋኞች ላይ ይበልጥ ያረፈው የጄምስ ብራውንና የኤልቪስ ፕሪስሊ አሻራ እንጂ የሂፒዎቹ ሮክ አይደለም። በአሜሪካ ጊታሩ ስለ ጦርነት ሲጮህ፣ በአዲስ አበባ የነሐስ መሣሪያዎች በአገርኛ ቅኝት የፍቅር ዜማ ያሰሙ ነበር።

የያስገር ማሳ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቦታነት ተመዝግቧል። በአጠገቡ በ2008 የተከፈተ ሙዚየም አለ። ሕዝቡ ተቀምጦበት የነበረው ተዳፋት ግን ምንም ሳይገነባበት እንደ ቀድሞው ሣር ለብሶ ይታያል።