የተረፈው ግመል

ወገኖቼ፣ በገዳሪፍ ሰሊጥ አጭዶ ያልደከመ ስደተኛ ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ የምትረዱት ይመስለኛል።

ሱዳናዊው ኢብራሂም ሸዳድ እ.ኤ.አ. በ1981 «ጀመል» የሚባል አጭር ፊልም ሠራ። ጀመል ማለት ግመል ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ሲያዞር የሚውል ግመል ሕይወት ነው የሚያሳየው። ያየ የጉልበት ሠራተኛ ሁሉ ራሱን ያያል።

በ1989 ኢብራሂም ከሱሌይማን አል-ኑርና ከአልጠይብ መህዲ ጋር ሆኖ የሱዳን ፊልም ቡድንን መሠረተ። በዚያው ዓመት የአልበሽር መፈንቅለ መንግሥት መጣ፤ ቡድኑም ታገደ። ሲኒማ ቤቶች ተዘጉ፣ ባለሙያዎቹ ተሰደዱ፣ ፊልሞቹም ከሰው ዓይን ጠፉ።

ሰዎቹ ግን ሸምግለውም አልተዉትም፤ ሥራቸውን መፈለግ ቀጠሉ። በርሊን ያለው አርሰናል የተባለ የፊልም ተቋም የተገኙትን አድሶ ወደ ዲጂታል ቀየራቸው። በ2019 ሱሃይብ ጋስመልባሪ ስለ እነዚሁ ሽማግሌዎች የሠራው «ስለ ዛፎች ማውራት» በበርሊን ፌስቲቫል በምርጥ ዘጋቢ ፊልምነት ተሸለመ።

በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ካርቱምንና ኦምዱርማንን ሲያነድ «ጀመል» ቅጂ ውጭ አገር ነበረው።

እኛስ? የሠርጋችን፣ የቀያችን፣ የሟቾቻችን ምስል ያለው በአንድ አሮጌ ስልክ ነው። ስልኩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዛሬውኑ ውጭ ላለ ዘመድ ላኩ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም ጻፉበት። ውጭ ያላችሁም ተቀብላችሁ አስቀምጡልን።