የቤት ውስጥ የጭስ ማውጫ መዘጋት፣ አጸዳዱና መከላከያው

በአዳማ ከተማ እንዲሁም በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ የማገዶ እንጨትና ከሰል ዛሬም የብዙ ቤተሰብ የማብሰያ ኃይል ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባበት ቤት ሳይቀር መብራት ሲቋረጥ ወደ ማገዶ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የስነ ህዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በኢትዮጵያ ከ10 ቤተሰቦች ከ9 በላይ የሚሆኑት ለማብሰያነት የሚጠቀሙት እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የመሳሰሉትን ነው።

ከዚህ የሚወጣው ጭስ መውጫ ካላገኘ ጉዳቱ ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሰረት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ ለሞት ተዳርገዋል። በተለይ ረጅም ሰዓት ማድ ቤት የሚያሳልፉ ሴቶችና ከእነርሱ የማይለዩ ህጻናት ለሳንባ ምችና ለሌሎች የመተንፈሻ አካላት በሽታዎች ይጋለጣሉ።

ባህላዊው የሶስት ጉልቻ ምድጃ የራሱ የጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ የሚወጣው በበር፣ በመስኮትና በጣሪያ ክፍተት ነው። በ1980ዎቹ የተዋወቀው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሚገኘው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ (ፑሚስ) የሚሰራ ሲሆን፣ ከሶስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ጭሱ በምጣዱ ስር አልፎ ከኋላ በኩል ይወጣል። ቱቦ የተገጠመላቸው ምድጃዎች ደግሞ በተለይ በትምህርት ቤቶች፣ በሆስፒታሎች፣ በሆቴሎችና በዳቦ ቤቶች ይገኛሉ። ሆኖም ቱቦ መግጠም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ያልተጸዳ ቱቦ ጊዜውን ጠብቆ ይዘጋል።

የጭስ ማውጫ የሚሰራው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ አየር ስለሚቀል ነው። የሞቀው ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ ከታች ንጹህ አየር ወደ እሳቱ ይሳባል። ቱቦው በረዘመና በውስጡና በውጪው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በሰፋ ቁጥር ጭሱ በሚገባ ይወጣል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በሞቃት ቀን ከሰዓት በኋላ ልዩነቱ ስለሚጠብ የጭሱ አወጣጥ ይዳከማል። ስለዚህ በከፊል የተዘጋ ቱቦ ችግሩ በእነዚህ ሰዓታት ጎልቶ ይታያል።

የመዘጋት ዋነኛ መንስኤ ጥቀርሻ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እንጨት ሲነድ ከሙቀቱ ከፊሉ ውሃውን ለማትነን ስለሚውል እሳቱ ይቀዘቅዛል፤ ጭሱም ይበዛል። ይህ ጭስ ከቀዝቃዛው የቱቦ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ቅጥራን የመሰለ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይፈጥራል። ጥቀርሻውም በላዩ ላይ እየተደራረበ መተላለፊያውን ያጠባል። አየር አጥቶ ታፍኖ የሚነድ እሳትም ተመሳሳይ ውጤት አለው። በአርሲ ነገሌ እንደሚታየው የባህላዊ አረቄ ማውጣት ለረጅም ሰዓት እሳት ማንደድን በሚጠይቅበት ቤት ጥቀርሻው በፍጥነት ይከማቻል።

ከጥቀርሻ በተጨማሪ የወፍና የተርብ ጎጆ፣ ቅጠል፣ በዝናብ ዝጎ የተሰበረ ቆርቆሮ እንዲሁም በምድጃው የጭስ መተላለፊያ ውስጥ የተጠራቀመ አመድ ቱቦውን ሊዘጉ ይችላሉ። ብዙ ቦታ የተጠማዘዘ ወይም ረጅም ርቀት አግድም የሚሄድ ቱቦ ደግሞ ከቀጥተኛው ይልቅ ቶሎ ይዘጋል።

ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው። አዳማ ነፋሻማ ከተማ መሆኗን በአካባቢዋ በ2004 እና በ2007 ዓ.ም የተጠናቀቁት የአዳማ አንድ የ51 ሜጋ ዋትና የአዳማ ሁለት የ153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያመለክታሉ። የቱቦው ጫፍ ከጣሪያው ከፍታ በታች ከሆነ ነፋሱ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል። በተለምዶ የሚሰራበት መለኪያ ቱቦው ከወጣበት የጣሪያ ክፍል ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማናቸውም የጣሪያ ክፍል ወይም ግድግዳ ደግሞ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ያዛል። ስለዚህ ጭስ በተመለሰ ጊዜ ሁሉ ቱቦው ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ የቱቦውን ከፍታ መመልከት ይገባል።

የመዘጋት ምልክቶች በቀላሉ ይታወቃሉ። እሳት ሲቀጣጠል ጭሱ በምድጃው አፍ መመለሱ፣ ነበልባሉ መደብዘዙ፣ የማድ ቤቱ ግድግዳ ቀድሞ ከነበረው ይበልጥ መጥቆሩና የሚያበስለው ሰው አይን መለብለብና ራስ ምታት ከምልክቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። በቱቦው ውስጥ የተለጠፈው ጥቀርሻ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ የማጽጃው ጊዜ አላለፈም ሊባል አይችልም፤ ጥቀርሻው ራሱ በእሳት ተያይዞ ጣሪያውን ሊያቃጥል ስለሚችል ነው።

የጽዳት ስራው ምድጃው ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ይከናወናል። የሚያጸዳው ሰው አፍና አፍንጫውን፣ አይኑንና እጁን መሸፈን ይኖርበታል። የምድጃው አፍ በእርጥብ ጆንያ ከተዘጋ በኋላ ለቱቦው ስፋት የሚመጥን የሽቦ ብሩሽ በገመድ ወይም በረጅም ዘንግ ታስሮ ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ ይሳባል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መውጣት አደገኛ በመሆኑ የጸና መሰላልና መሰላሉን የሚይዝ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ቱቦው ተነቅሎ መሬት ላይ ቢጸዳ የተሻለ ነው። የወረደው ጥቀርሻና አመድ በብረት እቃ ተሰብስቦ ውሃ ተርከፍክፎበት ይወገዳል። በመጨረሻም በመስታወት ወደ ላይ በመመልከት ብርሃን መታየቱን፣ ጥቂት ወረቀት በማንደድም ጭሱ በትክክል መውጣቱን ማረጋገጥ ይገባል። ቱቦውን ለመክፈት ጋዝ ወይም ቤንዚን ማፍሰስ ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል።

መከላከል ከማጽዳት ይቀላል። እንጨትን ፈልጦ ነፋስ በሚያገኘው መጠለያ ስር ለበርካታ ወራት ማድረቅ፣ ፕላስቲክና ጎማ አለማንደድ፣ አመድ በየዕለቱ ማውጣት፣ በቱቦው ጫፍ ዝናብ የሚከላከል ቆብና ወፍ የማያስገባ ወንፊት ሽቦ መግጠም ከፍተኛ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። ወንፊቱም በጥቀርሻ ስለሚደፈን አብሮ መጽዳት አለበት። ቱቦው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በየዕለቱ በሚሰራ ምድጃ ላይ ግን በየጥቂት ወሩ መፈተሽ ይኖርበታል። ከክረምት በፊትና በኋላ ያሉት ሳምንታት ለዚህ አመቺ ናቸው።

ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ደህና የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁንና ከሰል ሲነድ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ በደም ውስጥ ከሚገኘው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጂን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል በመሆኑ ሰውነት አየር እያለ አየር ያጣል። በብርድ ወቅት የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት ሳይነቁ መቅረትን ያስከትላል። የተዘጋ የጭስ ማውጫም ይህንኑ ጋዝ ወደ ቤት ይመልሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም የታየበትን ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹህ አየር ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ እንጂ ወተት ወይም ሎሚ በማጠጣት ጊዜ ማባከን አይገባም።

ጉዳዩ ለቤተሰብ ብቻ የሚተው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግስት ከዞሩት ቤቶች መካከል በርካታ ተከራዮች አንድ ማድ ቤት በጋራ የሚጠቀሙባቸው አሉ። የጋራ የሆነው ማድ ቤት የጭስ ማውጫ ብዙውን ጊዜ የሚያጸዳው ባለቤት የለውም። ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል የጥገና መርሃ ግብሩ ውስጥ ቢያካትተው ችግሩ ይቃለላል። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚሰጠው የአካባቢ ጤና ትምህርትም ለዚሁ መልዕክት አመቺ መንገድ ነው።

የምገባ አገልግሎት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶችና ሌሎች የመንግስት ተቋማት ምድጃ ሲገዙ በውል ሰነዱ ላይ የቱቦውን ከፍታ፣ የማጽጃ በሩን፣ የዝናብ ቆቡንና መለዋወጫውን መጥቀስ፣ ለዓመታዊ ጽዳቱ በጀት መያዝና ኃላፊነቱን ለተለየ ሰራተኛ መስጠት ይጠበቅባቸዋል። ምድጃው ተገዝቶ ጽዳቱ ከተዘነጋ ወጪው ይባክናል፤ ጭሱም በየዕለቱ በምግብ አብሳይ ሰራተኞች ሳንባ ውስጥ መከማቸቱን ይቀጥላል።